ጭላዳውን ማን አስቆጣው?

በመንዝ ጓሳ ጭላዳዎች የሚያድሩት በገደሉ እርከን ላይ ነው፤ ማለዳ ወደ ሜዳው ይወጣሉ። ገደሉ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ አፋር ቆላ ስለሚያይ ጀምበር የምትወጣው ከጀርባቸው ነው። ፎቶግራፍ አንሺው ፊቱን ወደ ገደሉ አዙሮ ካነሣ የአውራው ጎፈር ጠርዝ ጠርዙን ወርቅ ይለብሳል፣ ፊቱና ደረቱ ግን ይጨልማል። ግርማ አለ፣ እንስሳው የለም። ዞሮ ፀሐይን በጀርባው ካደረገ ደግሞ መሃሉ ላይ የጠበበው ቀይ የደረት ቆዳ ከደረቀው ሣር መካከል ቦግ ይላል። ቅላቱ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ እንስቶችን የሚመራ አውራ ከብቸኛው ወንድ ይልቅ ደረቱ የቀላ ነውና ቀለሙን በደንብ የያዘ ፎቶ ማዕረጉንም ይዟል።

ካሜራው የተያዘበት ከፍታም ይናገራል። ቆሞ ወደ ታች ያነሣ ሰው ሣር ሲነጭ የሚውል መንጋ ያገኛል። በደረቱ ተኝቶ ያነሣ ግን ዓይን ለዓይን ይገጥማል፤ አድማሱ ከእንስሳው ትከሻ በታች ይወርድና ሰማዩ ሁሉ የእርሱ ይሆናል። ብርሃኑንም ራሱ የሚጨምር አለ፦ ጣሊያናዊው ወጣት ሪካርዶ ማርኬጂያኒ በሰሜን ተራሮች ልጇን በሆዷ ያንጠለጠለች እናት ጭላዳ ሲያነሣ ገና ባልነጋው ተራራ ፊት ጸጉሯን በፍላሽ አደመቀው። እ.ኤ.አ. በ2019 «የዓመቱ የዱር እንስሳት ፎቶግራፍ አንሺ» ውድድር ላይ ከ15 እስከ 17 ዓመት ባለው ምድብ አሸንፏል።

ከሁሉም የሚያሳስተው የክፈፉ ስፋት ነው። ጭላዳ የላይ ከንፈሩን ወደ አፍንጫው ገልብጦ ድዱንና ክራንቻውን ሲያሳይ ፊቱ ብቻ ተቆርጦ ይታተማል፤ ያየው ሁሉ «ተቆጣ!» ይላል። ከንፈር መገልበጥ ግን ብዙውን ጊዜ የስጋት ወይም የ«እንታረቅ» ምልክት ነው። ቁጣው ያለው ቅንድቡን ወደ ኋላ ስቦ ገርጣ ያለውን የዓይኑን ቆብ ሲገልጥ ነው። ፊት ለፊቱ የቆመው ባላጋራ በክፈፉ ውስጥ ቢቀር ኖሮ ማን ማንን እንደፈራ አንባቢው ራሱ ይፈርድ ነበር። በእኔ ግምት ጥርስ ስለሚሸጥ ነው ባላጋራው የሚጣለው።

ከጓሳ ፎቶዎች ተቆርጦ የሚቀር ሌላም አለ፦ ሰው። ጅብራው፣ ጉሙ፣ ቀይ ቀበሮው አሉ፤ ባና የደረበው እረኛና በጎቹ የሉም። እንዲህ ያለው ፎቶ ሰው ያልደረሰበት ምድር ያስመስለዋል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን የመጣው፣ ቄሮ የተባለው የአካባቢው የጥበቃ ሥርዓት ጓሳውን አንዳንዴ ለዓመታት ዘግቶ፣ ሣሩ ሲደርስ ለቤት ክዳንና ለገመድ እንዲታጨድ ይከፍት ነበር። ሥርዓቱ ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ ጋር ቢፈርስም ማኅበረሰቡ ዛሬም ቦታውን በራሱ ደንብ ይጠብቃል። ይህን በአንድ ፎቶ ማሳየት ይቻላል፤ ጭላዳው ከፊት፣ ሣር የተሸከመ ገበሬ ከኋላ። ሩቁን የሚያቀርበው ትልቁ ሌንስ ቀዳዳው ሰፍቶ ከተከፈተ ገበሬውን ያደበዝዘዋል፤ ስለዚህ ሰፊ ሌንስ ይዞ ቀዳዳውን ማጥበብ ያስፈልጋል።