የሽቦው ጠባቂ

ቅዳሜ ጠዋት ምጣዱ ግሏል፣ ቦይለሩም ውሃ እያሞቀ ነው። በዚህ መሃል አንዱ የቤተሰብ አባል የሻይ ውሃ ማፍያውን ይሰካል። ጥቂት ቆይቶ ከበሩ አጠገብ ካለው ሳጥን «ቀጭ» የሚል ድምፅ ይሰማና ሁሉም ይጠፋል። «ቆጣሪው ጣለ!» ይባላል፤ የጣለው ግን ብሬከሩ ነው።

ሒሳቡን ማየት ይበጃል። 3500 ዋት የሚስብ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ይወስዳል። 1500 ዋት ቦይለርና 2000 ዋት ማፍያ ሲጨመሩበት ድምሩ ወደ 32 አምፔር ይጠጋል። ብሬከሩ ባለ 20 አምፔር ከሆነ ጭነቱ ከአቅሙ በላይ ነው።

ጭነት ሲበዛ ሽቦ ይሞቃል፤ አምፔሩ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። የተለመደው የሽቦ ፕላስቲክ ሽፋን የሚችለው ደግሞ እስከ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። አስፈሪው ነገር ሽፋኑ ግድግዳ ውስጥ ቀስ እያለ ሲበስል የሚያየው ሰው አለመኖሩ ነው።

ቶማስ ኤዲሰን እ.ኤ.አ. በ1890 ፓተንት ያወጣበት ፊውዝ ለዚህ የተበጀ ነው፦ ከቤቱ ሽቦ ቀድሞ የሚቀልጥ ቀጭን ክር። አንዴ ከቀለጠ ግን መቀየር አለበት።

ተመልሶ የሚነሳውን ትንሹን ብሬከር ጀርመናዊው ሁጎ ሽቶትስ ፈለሰፈው፤ ፓተንቱ እ.ኤ.አ. የ1924 ነው። ውስጡ ሁለት ጠባቂ አለ። አንደኛው ታጋሽ ነው፦ ሙቀት እኩል ከማይለጥጣቸው ሁለት የተጣበቁ ብረቶች የተሠራ ልሳን ሲሆን፣ ሲግል እየጎበጠ ሄዶ ማብሪያውን ያላቅቃል። በዓለም አቀፉ መስፈርት ባለ 20 አምፔር ብሬከር 22.6 አምፔርን አንድ ሰዓት ሳይጥል መሸከም፣ 29 አምፔር ላይ ግን በአንድ ሰዓት ውስጥ መጣል አለበት። ማፍያው እንደተሰካ መብራቱ ወዲያው ያልጠፋው በዚህ ትዕግሥት ምክንያት ነው። ሁለተኛው ጠባቂ ጥቅል ሽቦ ነው። ሁለት ሽቦዎች ሲነካኩ አምፔሩ በቅጽበት ይንራል፤ ጥቅሉም ማግኔት ሆኖ ከዓይን ጥቅሻ በፈጠነ ጊዜ መስመሩን ይቆርጣል።

ብሬከሩ ደጋግሞ ሲጥል የሚማረር ሰው ብዙ ጊዜ ብሬከሩን በትልቅ ያስቀይራል፤ በተቃጠለ ፊውዝ ፋንታ የመዳብ ሽቦ የሚያስርም አለ። ይህ እጅግ አደገኛ ነው። ብሬከሩ የተመረጠው ለሽቦው ውፍረት ነው፤ ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ላይ ባለ 40 አምፔር ብሬከር ሲገጠም፣ ፊውዝ የሚሆነው ግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ ራሱ ነው። ሰውን ከንዝረት የሚያድነውም ይህ ብሬከር አይደለም፤ ለዚያ 30 ሚሊአምፔር ሲያፈተልክ የሚቆርጥ ሌላ መሣሪያ ያስፈልጋል።

ለቅዳሜው ምጣድ መፍትሔው ከሳጥኑ በቀጥታ የሚነሳ የራሱ መስመር ነው፦ ባለ 4 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ፣ የራሱ ባለ 25 አምፔር ብሬከርና አብሮት ሌላ ዕቃ የማይሰካበት ሶኬት።