«ጎርሜንጋስት» በቴሌቪዥን፡ ተመልካቹን ለሁለት የከፈለው ግንብ

አንድ ታዋቂ ልብ ወለድ ወደ ቴሌቪዥን በተሸጋገረ ቁጥር «መጽሐፉ ይሻላል» የሚል አስተያየት መሰማቱ የተለመደ ነው። ቢቢሲ ሁለት እ.ኤ.አ. በ2000 መጀመሪያ ላይ ባስተላለፈው «ጎርሜንጋስት» በተሰኘው ባለ አራት ክፍል ድራማ ላይ የተነሳው ክርክር ግን ከዚህ ጠለቅ ይላል። ከሃያ ዓመታት በላይ አልፈውም ድራማውን የሚወዱትና የሚጠሉት ተመልካቾች አልታረቁም። የሚገርመው ደግሞ ሁለቱም ወገኖች የሚጠቅሷቸው ተመሳሳይ ትዕይንቶችን ነው።

ድራማው የተሠራው እንግሊዛዊው ደራሲና ሠዓሊ ሜርቪን ፒክ ከጻፋቸው ሦስት ተከታታይ ልብ ወለዶች በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ላይ ተመሥርቶ ነው። «ታይተስ ግሮን» በ1946፣ «ጎርሜንጋስት» በ1950፣ «ታይተስ አሎን» በ1959 ታተሙ። ጎቲክ የሚባለው የሥነ ጽሑፍ ዘርፍ አሮጌ ግንብ፣ ጨለማ፣ የተደበቀ ወንጀልና በውርስ የሚተላለፍ እብደት የሚበዛበት ነው። የፒክ ሥራ ይህ ሁሉ አለበት። በምናብ የተፈጠረ ዓለም ቢሆንም ግን ጠንቋይ፣ ድራጎን ወይም አስማት የለበትም። ያለው አንድ ትልቅ፣ የሚፈራርስ ግንብና በውስጡ ትርጉሙ የተረሳ ሥርዓት እየፈጸሙ የሚኖሩ ሰዎች ናቸው።

የሥርዓቱን ነገር ካላወቁ የክርክሩ ምክንያት አይገባም። የግንቡ ጌታ በየዕለቱ በየሰዓቱ ምን እንደሚለብስ፣ በየት በኩል እንደሚያልፍ፣ ምን እንደሚያደርግ በመጽሐፍ ተጽፎ ተቀምጧል። ጌታው በቁመት አጠር ያለ ሰው ቢሆን ኖሮ ልብሱም የሚሄድበት መንገድም ሌላ ይሆን ነበር። ከግንቡ ውጭ በድህነት የሚኖሩት እንጨት ቀራጮች በየዓመቱ ይወዳደራሉ። ሦስቱ ምርጥ ቅርጾች ይቀመጣሉ፣ የቀሩት ይቃጠላሉ። የተመረጡት ደግሞ ማንም በማይጎበኘው አዳራሽ ውስጥ አቧራ ይጠጣሉ። የመጀመሪያው መጽሐፍ የሚከፈተው እነዚህን ቅርጾች አቧራቸውን በሚያራግፍ አንድ ብቸኛ ሠራተኛ ነው። ፒክ አይቸኩልም። በስሙ መጽሐፉ የተሰየመለት ታይተስ፣ 77ኛው የግንቡ ወራሽ፣ በመጀመሪያው ቅጽ መጨረሻ ላይ እንኳ ገና ሕፃን ነው!

በዚህ ቀርፋፋ ዓለም ውስጥ የሚሮጥ አንድ ሰው ብቻ አለ፤ እሱም ስቲርፓይክ ነው። ከወጥ ቤት ጠፍቶ፣ በጣራ ላይ ተንጠላጥሎ፣ በየደረጃው ያሉትን እያታለለ ሽቅብ የሚወጣ የአሥራ ሰባት ዓመት ወጣት ነው። የጌታውን መንትያ እህቶች አግባብቶ የጌታውን ቤተ መጻሕፍት ያስቃጥላል። መጻሕፍቱን ያጣው ጌታም አእምሮውን ስቶ ራሱን ጉጉት አድርጎ ይቆጥራል።

የስክሪፕት ጸሐፊው ማልኮም ማኬይና ዳይሬክተሩ አንዲ ዊልሰን አራት ሰዓት ገደማ ብቻ ነበራቸው። ስለዚህ ሩጫውን ተከተሉ። ድራማው የስቲርፓይክ መነሳትና መውደቅ ታሪክ ሆነ። ወደውታል የሚሉት ተመልካቾች የሚያመሰግኑትም ይህንኑ ነው፤ መጽሐፉን ሁለት ሦስት ጊዜ ጀምረው ያቋረጡ ሰዎች በድራማው ታሪኩን እስከ መጨረሻ ለመከታተል ችለዋል። አንባቢዎች በበኩላቸው «ግንቡ የት ሄደ?» ይላሉ። በእነሱ እምነት የመጽሐፉ ዋና ገጸ ባሕርይ ግንቡ እንጂ ስቲርፓይክ አይደለም።

ሁለተኛው ቅሬታ በተዋናዩ መልክ ላይ ነው። ፒክ የፈጠረው ስቲርፓይክ ትከሻው ወደ ላይ የተሰበሰበ፣ ፊቱ የገረጣ፣ ዓይኖቹ የቀሉ፣ ሲያዩት የሚቀፍ ልጅ ነው። ጆናታን ሪስ ሜየርስ ግን መልከ መልካም ነው። በዚህ የተነሳ ተመልካቹ ሳያውቀው ለክፉው ማዳላቱ አልቀረም። ይህ ጉድለት ነው የሚሉ አሉ። በእኔ ግምት ግን ከድራማው ጥሩ ውሳኔዎች አንዱ ነው። በሞተ ሥርዓት ውስጥ ብቸኛው ሕያው ሰው ወንጀለኛው መሆኑ የፒክም ጥያቄ ነበርና፣ ለስቲርፓይክ እያዘነ የተመለከተ ሰው ጥያቄው በራሱ ላይ ደርሶበታል።

በቀልዱ ጉዳይ ግን ከቅሬታ አቅራቢዎቹ ጋር እስማማለሁ። ስቲቨን ፍራይ፣ ጆን ሴሽንስ፣ ስፓይክ ሚሊጋን፣ ኤሪክ ሳይክስን የመሳሰሉ በኮሜዲ የታወቁ ሰዎች በአንድ ድራማ መሰብሰባቸው ለተመልካቹ «ሳቅ» የሚል ትዕዛዝ ነው። መጽሐፉም ያስቃል፤ ሳቁ ግን ከፍርሃት ጋር የተቀላቀለ ነው። በቴሌቪዥኑ ሁለቱ ተለያይተው፣ አንዱ ትዕይንት ለሳቅ ሌላው ለሐዘን የተመደበ ይመስላል። ከዚህ የተረፉት ክሪስቶፈር ሊ (የጌታው አገልጋይ ፍሌይ)፣ ሪቻርድ ግሪፊትስ (የወጥ ቤቱ አለቃ ስዌልተር) እና ኢያን ሪቻርድሰን (ያበደው ጌታ) ናቸው። ሪቻርድሰን ጉጉት ነኝ ሲል ማንም አይስቅም።

ብርሃንና ቀለሙም አከራክሯል። ግንቡን ጥቁርና እርጥብ አድርገው በምናባቸው የሣሉ አንባቢዎች ደማቅ ቀለም ሲያዩ ደነገጡ። ለዚህ ግን ከደራሲው ሕይወት የሚነሳ መከራከሪያ አለ። ፒክ በ1911 የተወለደው ቻይና ውስጥ ሲሆን፣ አባቱ የሚሲዮን ሐኪም ነበሩ። የልጅነት ጊዜውንም ያሳለፈው በዚያው ነው። በግንብ የታጠረ ከተማና ለዘመናት የቆየ የቤተ መንግሥት ሥርዓት ያለበትን አገር በልጅነቱ ያየ ሰው፣ ጎርሜንጋስትን ሲፈጥር የእንግሊዝን ግንቦች ብቻ አሰበ ማለት ያስቸግራል። የድራማው አልባሳትና መድረክም የእስያ ጣዕም አላቸው።

ሦስተኛው መጽሐፍ መተዉ ብዙም አላነጋገረም። «ታይተስ አሎን» ከግንቡ ውጭ፣ መኪናና ፋብሪካ ባለበት ዓለም የሚካሄድ ሲሆን፣ ፒክ የጻፈው በ1968 ለሞት ያበቃው ሕመም እየጸናበት በሄደበት ወቅት ነው። ድራማው ታይተስ ግንቡን ጥሎ ሲሄድ ማብቃቱ ተገቢ ይመስለኛል።

ከአንባቢዎቹ መካከል ቢቢሲ ሬዲዮ 4 በ1984 ያቀረበውን ድራማ ከቴሌቪዥኑ የሚያስበልጡ አሉ። በዚያ ሥራ ስቲርፓይክን የተጫወተው ዘፋኙ ስቲንግ ነበር። ሬዲዮ ግንቡን አያሳይም፤ አድማጩ የራሱን ግንብ በምናቡ ይሠራል፣ ፒክም በቃላት ያደረገው ይህንኑ ነው። ሠዓሊ ሆኖ ሳለ፣ የሌሎችን መጻሕፍት በሥዕል ያስጌጠ ሰው ሆኖ ሳለ፣ ይህን ግንብ በዋነኛነት በዓረፍተ ነገር ሊሠራው መረጠ።

ድራማውን ያላየ አንባቢ ከየት ይጀምር? ከመጽሐፉ የመጀመሪያ መቶ ገጾች ቢጀምር ይሻላል። ካልሰለቸው ይቀጥል፤ ቴሌቪዥኑ ይደርስበታል። ከሰለቸው ደግሞ አራቱን ክፍሎች ይመልከት። ክሪስቶፈር ሊ ብቻውን ያን ያህል ሰዓት ያስቀምጣል።