የምታወራውን ሰክታ የሚጮኸውን ነቀለች

ግድግዳ ማናገር ድሮ ቢሆን ጠበል ያስወስድ ነበር። ዛሬ ግን ሚኒያፖሊስ ያለችው የአክስቴ ልጅ ከብርድ ልብሷ ሳትወጣ «ቤቱ ስንት ዲግሪ ነው?» ትላለች፣ አሌክሳ ትመልስላታለች። እናንተዬ፣ ጉድ አይደለም?

ነገሩ ቀላል ነው። ግድግዳው ላይ ቴርሞስታት አለ፤ የክፍሉን ሙቀት እየለካ ማሞቂያውን «ሥራ፣ ቁም» የሚለው እሱ ነው። አማዞን በፈረንጆቹ 2014 ያወጣት አሌክሳ ደግሞ በኢንተርኔት ከቴርሞስታቱ ቁጥሩን ተቀብላ ትናገራለች፣ ሲያዟትም ሙቀቱን ከፍ ዝቅ ታደርጋለች።

ጥቅሙን አልክድም። እዚያ ከተማ ብርዱ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲወርድ ማሞቂያው ከቆመ የውኃ ቧንቧ በረዶ ሠርቶ ይፈነዳል። ሥራ ቦታ ሆኖ የቤትን ሙቀት ማወቅ እፎይ ያሰኛል። ለኪስም ይበጃል፤ የአሜሪካ የኢነርጂ መሥሪያ ቤት እንደሚለው በቀን ለ8 ሰዓት ሙቀቱን ከ7 እስከ 10 ዲግሪ ፋራናይት ዝቅ ያደረገ ሰው በዓመት እስከ 10 በመቶ ወጪ ሊቆጥብ ይችላል።

«የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያውስ?» ብዬ ጠየቅኳት።

«እሱማ ሌሊት ጢጥ ጢጥ እያለ እንቅልፍ ሲነሳኝ ነቀልኩት!» ብላኝ እርፍ።

ጢጥ ጢጥ የሚለው ባትሪዬ አለቀ ብሎ ነበር። እኔን ያስደነገጠኝም ይኸው ነው። የአሌክሳ ቁጥር የክፍሉ ሙቀት ነው እንጂ የማሞቂያው ጤንነት አይደለም። በጋዝ የሚሠራ ማሞቂያ የጭስ መውጫው ቢደፈን እንኳ ክፍሉ 20 ዲግሪ ደልቶት ሊሞቅ ይችላል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፤ የነቃውን ራሱን አሳምሞ ያቅለሸልሸዋል፣ የተኛውን ሳይነቃ ይወስደዋል።

ደግሞስ መብራት ቢጠፋ? አሌክሳም ዝም፣ ማሞቂያውም ዝም! በየካቲት 2013 ዓ.ም. ቴክሳስ በብርድ ተመትታ መብራት ሲቋረጥ፣ ሙቀት ፍለጋ ጋራዥ ውስጥ መኪና ያስነሱ፣ ቤት ውስጥ ከሰል ያነደዱ ነበሩ። በጋዙ ታፍነው ከሞቱት መካከል የአገራችን ሰዎችም ይገኙበታል።

ውጭ አገር ያላችሁ ወይም ዘመድ ያላችሁ፣ ይቺን ያዙ። በባትሪ የሚሠራ ማስጠንቀቂያ መኝታ ክፍል አጠገብ ይኑር፤ ባትሪው ሲያልቅ ይቀየር እንጂ አይነቀል። ማሞቂያው በየዓመቱ በባለሙያ ይታይ። የቤቱን ሰው ሁሉ ባንድ ጊዜ ራሱን ካመመውና ውጭ ሲወጣ ከተሻለው፣ ጉንፋን ነው ብላችሁ ተመልሳችሁ አትግቡ፤ ውጭ ሆናችሁ ወደ ድንገተኛ አደጋ ስልክ (አሜሪካ ከሆነ 911) ደውሉ።

«እኛ አዲስ አበባ አሌክሳ የት አለን!» የምትሉ አትጠፉም። ጋዙ ግን አለላችሁ። ቡና ያፈላችሁበትን ከሰል «ለብርዱ» ብላችሁ መኝታ ቤት አስገብታችሁ በር ከዘጋችሁ፣ ያው እሱ ነው። ፍሙ አመድ ለብሶም፣ ጭሱ ጠፍቶም መርዙን ይለቃል። ማንደጃው ውጭ ይደር። ለብርዱ አንድ ጋቢ ደርቡበት።