ቤት ኪራይ ያስወደደው ማን ነው?

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቡና ቀርቦ ቤተሰቡ እንደተሰበሰበ፣ የዘጠኝ ዓመቷ የልጅ ልጄ «አባባ፣ ቤት ኪራይ ያስወደዱት ስደተኞች ናቸው አይደል?» ብላ ጠየቀችኝ። ሕፃን ናት፤ ክፋት የለባትም። ነገር ግን በጓሮ ሰርቪስ ቤታችን የምትኖረው ኤርትራዊት ተከራያችን አብራን ተቀምጣ ነበር። ሲኒዋን ረከቦቱ ላይ መልሳ «ልጆቹን ልያቸው» አለችና ሁለተኛው ሳይደርስ ወጣች።

ልጅቷ ወሬውን ከየት እንዳመጣችው አላጣሁትም። ትንሹ ልጄ ከፋሲካ በኋላ ሊያገባ ነው። ከካራ እስከ ላምበረት ደላላ ለደላላ ሲዞር ከርሞ ደመወዙ የሚችለውን አንድ ክፍል አላገኘም። ማታ ማታ ሲገባ «ከውጭ ዶላር የሚላክላቸው ሰዎች ናቸው ያስወደዱብን» ይላል። እኛ ዝም እንላለን፤ ልጅቷ ትሰማለች።

ውድ አንባቢያን፣ ይህ ወሬ በየቤቱ ስላለ እስኪ ሒሳቡን አብረን እንሥራው።

በልጄ ንግግር ውስጥ እውነት አለ። ቤት ሳይጨምር ፈላጊ ከጨመረ ዋጋ ይወጣል። ግን ፈላጊው ማን ነው? በ2005 ዓ.ም. ለኮንዶሚኒየም የተመዘገበው የከተማችን ነዋሪ ከ800 ሺህ በላይ ነበር፤ ብዙው ዛሬም ተከራይ ነው። በየዓመቱ ከክፍለ ሀገር የሚመጣው ወጣት ደግሞ አለ። በአዲስ አበባ በፈቃድ የሚኖሩት ስደተኞች በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው። አገራችን ካስጠለለቻቸው ከአንድ ሚሊዮን ገደማ ስደተኞች አብዛኞቹ ያሉት በጋምቤላ፣ በሶማሌና በሌሎች ድንበር ክልሎች ነው። ስለዚህ እነሱ በአንዳንድ ሰፈር ዋጋ ሊጨምሩ ይችላሉ እንጂ የከተማውን የቤት እጥረት አልፈጠሩትም።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ከተከራያችን በፊት በዚያ ክፍል የኖረው ወጣት አስተማሪ ነበር። እሱ ሲወጣና እሷ ስትመጣ፣ ወንድሟ ጀርመን እንዳለ ስሰማ፣ ከእሱ ከምቀበለው በላይ ጠየቅኋት። እሺ አለች፤ ምርጫም አልነበራትም። ዋጋውን የጠራሁት እኔ ነኝ። ልጄ «እነሱ» የሚለው ገንዘብ የገባው እኔ ኪስ ነው፤ የእህል ወፍጮም የከፈልነው፣ የልጅቷንም ደብተር የገዛነው ከዚያው ነው።

መንግሥትስ ምን ያወጣል፣ ምን ያገኛል? ወጪው ግልጽ ነው። ልጇ የሚማረው በመንግሥት ትምህርት ቤት ነው፤ አዋጅ ቁጥር 1110/2011 የስደተኛ ልጅ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርትን እንደ ኢትዮጵያዊ ልጅ እንዲያገኝ ይፈቅዳል። ሲያመውም ወደ ጤና ጣቢያ ይሄዳል። በሌላ በኩል ከሱቅ ሳሙና ስትገዛ እንደ ማንኛችንም ታክስ ትከፍላለች። ለእኔ ከምትከፍለው ኪራይም መንግሥት የገቢ ግብር አለው። ወንድሟ የሚልከው ዩሮ በባንክ ሲመጣ አገሪቱ የውጭ ምንዛሪ ታገኛለች፤ በጥቁር ገበያ ሲመጣ ግን ባንኩ ምንም አይደርሰውም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከታሰበው አንዱ ይህንን ገንዘብ ወደ ባንክ መመለስ ነበር።

ትልቁ ኪሳራ ያለው ግን ሌላ ቦታ ነው። ተከራያችን ጥሩ ጸጉር ሠሪ ናት። የሰፈሩ ሴቶች ለሠርግና ለጥምቀት ሹሩባ የሚሠሩት እሷ ዘንድ ነው። ንግድ ፈቃድ ግን የላትም፤ ስለዚህ ከሥራዋ ግብር አትከፍልም፣ ሱቅ ተከራይታ የኛን ልጆች አትቀጥርም። ያው አዋጅ የመሥራት መብት ሰጥቷል፤ ሆኖም ከስደተኞችና ከአገር ሰዎች የጋራ ፕሮጀክት ውጭ ያለው ሥራ ለውጭ ዜጋ በተቀመጠው ደንብ ስለሚሄድ ለአንዲት ሹሩባ ሠሪ መንገዱ ረጅም ነው። የምትሠራውን ሰው ከጓሮ ማስቀመጥ ለመንግሥትም ለሰፈርም አያተርፍም።

የባዕድ አገር ልምድም ይህንኑ ይላል። የበለጸጉት አገሮች ማኅበር ኦኢሲዲ የ25 አገሮችን ሒሳብ አይቶ በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ የውጭ ተወላጆች የሚከፍሉት ግብርና መዋጮ መንግሥታቱ ለማኅበራዊ ጥበቃቸው፣ ለጤናቸውና ለትምህርታቸው ከሚያወጡት ይበልጣል። መከላከያንና ሌላውን የጋራ ወጪ ሲጨምሩበት ትርፉም ኪሳራውም ትንሽ ነው። ሚዛኑን በብዛት የሚወስነው ሥራ ማግኘታቸው ነው።

እኛም ያየነው ነው። ራስ ተፈሪ በ1924 እ.ኤ.አ. ከኢየሩሳሌም 40 ወላጅ አልባ አርመናውያን ልጆችን አምጥተው ሲያሳድጉ መጀመሪያ የታየው ወጪው ነበር። እነዚያ ልጆች የቤተ መንግሥት የሙዚቃ ጓድ ሆኑ፤ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያንም ለአገሪቱ የሕዝብ መዝሙር ዜማ ደረሰ።

የእኔዋ ትልቋ ልጅ ደግሞ ቶሮንቶ ናት፤ አረጋውያንን ትንከባከባለች። ከኮተቤ እስከ ኮሌጅ ያስተማርናት እኛና ይህ መንግሥት ነን፤ ካናዳ ግን ተምራ ያለቀች ሠራተኛ ተቀበለች። ግብሩ ከደመወዟ የሚቆረጠው ገና እጇ ሳይገባ ነው። እንዲህም ሆኖ አውቶቡስ ላይ «እናንተ ናችሁ ቤት ያስወደዳችሁት» ያላት ሰው እንዳለ ነግራኝ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ሰኞ ማታ ልጄንና የልጅ ልጄን አስቀምጬ ተከራያችንን አስጠራኋት። «ዋጋውን የጨመርኩት እኔ ነኝ፤ እሷ አይደለችም» አልኩ። ትንሿ ዓይኗን አፍጥጣ «ታዲያ ለምን አትቀንስላትም?» አለች። ተከራያችን ሳቀች፤ እኔ ግን መልስ አልነበረኝም።

በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት የኪራይ ውል ዝቅተኛ ዘመን ሁለት ዓመት ነው። የኛው ሲያልቅ እንደማልጨምር በልጆቹ ፊት ቃል ገብቻለሁ። መቀነሱን ገና ከባለቤቴ ጋር እየተነጋገርንበት ነው።