የካይሮ መስኮትና የዘመኑ ሕንጻ

የዐረብና የእስልምና የሕንጻ ጥበብ ሲነሣ በብዙዎቻችን ሐሳብ ቶሎ የሚመጣው ጉልላቱና ሚናሬቱ ነው። የትምህርት ቤት መጽሐፍም የሚያሳየን ይኸንኑ ነው። እኛ ግን በዛሬው ጽሑፋችን መስጊዱንም ቤተ መንግሥቱንም ትተን ስለ አንድ መስኮት ልንነጋገር ነው። መስኮት ደግሞ ምን የሚወራ ነገር አለው የሚል አንባቢ ቢኖር አንፈርድበትም፤ እኛም በተማሪነታችን ጊዜ እንደዚሁ እናስብ ነበር።

በአሮጌው ካይሮ፣ ደርብ አል አስፈር በሚባለው ጠባብ መንገድ ላይ በይት አል ሱሐይሚ የተባለ ትልቅ መኖሪያ ቤት አለ። የመጀመሪያው ክፍል የተሠራው በ1648 ሲሆን (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ስሙን ያገኘው በኋላ ጊዜ ከኖሩበት ከአል አዝሃር ሊቃውንት አንዱ ነው። ዛሬ ሙዚየም ሆኗል። ከመንገዱ ላይ ቆሞ ለሚመለከተው ሰው ቤቱ ዝምተኛ ነው። ከታች ያለው ድፍን ግንብ ነው፤ ከላይ ደግሞ ወደ መንገዱ ወጣ ብሎ የተንጠለጠለ፣ በእንጨት ፍርግርግ የተሸፈነ፣ ሣጥን የመሰለ መስኮት ይታያል። ይኸው መስኮት ማሽረቢያ ይባላል።

ስሙ መጠጣት ከሚለው የዐረብኛ ግሥ የመጣ ነው ይባላል። ምክንያቱም የመጠጥ ውሃ የያዘው የሸክላ ገንቦ የሚቀመጠው በዚሁ መስኮት ውስጥ ስለ ነበረ ነው። ሸክላው ውሃውን ጥቂት በጥቂት ወደ ውጭ ያልበዋል፤ ነፋስ በላቡ ላይ ሲያልፍ ላቡ ይተናል፤ ሲተንም ሙቀቱን ከገንቦው ወስዶ ይሄዳል። ስለዚህ ውሃው ይቀዘቅዛል፤ በገንቦው በኩል አልፎ ወደ ክፍሉ የሚገባውም ነፋስ አብሮ ይቀዘቅዛል። የእንስራ ውሃ ለምን ቀዝቃዛ እንደሚሆን ከእናቱ ቤት የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት የፊዚክስ ትምህርት አያስፈልገውም።

የእንጨቱም ሥራ በሐሳብ የተሠራ ነው። አናጢው እንጨቱን እያሽከረከረ ድቡልቡል አድርጎ ይጠርብና ቁርጥራጮቹን ያለ ሚስማር እርስ በርሳቸው ያዋድዳቸዋል። በሰው ዐይን ትክክል ባለው ስፍራ ላይ ፍርግርጉ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ወደ ላይ ሲሄድ ግን እየሳሳ ይሄዳል። የታችኛው የፀሐይን ነጸብራቅ ይሰብራል፤ የላይኛው ነፋስ ያስገባል። እንጨቱን ድቡልቡል ማድረጉም ለጌጥ ብቻ አይደለም። ብርሃን በክብ ነገር ላይ ሲያርፍ ከጥላ ወደ ብርሃን የሚሸጋገረው በዝግታ ስለ ሆነ ዐይንን አይወጋም። ከዚህም ሌላ ከውስጥ ያለው ሰው መንገዱን ሲያይ፣ ከመንገድ ያለው ሰው ወደ ውስጥ አያይም። የቤቱ ሴቶች ሳይታዩ የሚያዩት በዚህ ነበር። ይህ ደንብ ለሴቶቹ ክብር ነበር ወይስ ግዞት ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም፤ እኛም ከጠያቂዎቹ ወገን ነን። የሆነ ሆኖ አንድ የአናጢ ሥራ ጥላም፣ ነፋስም፣ ቀዝቃዛ ውሃም፣ የገመና መጋረጃም ሆኖ ሲገኝ ማድነቅ ይገባል።

ደግሞም መስኮቱ ብቻውን አልነበረም። የድሮው የካይሮ ቤት ፊቱን የሚያዞረው ወደ መንገዱ ሳይሆን ወደ ውስጥ ግቢው ነው። ሌሊት የቀዘቀዘው አየር እዚያ ግቢ ውስጥ ተኝቶ እስከ ረፋዱ ድረስ ይቆያል። በበይት አል ሱሐይሚ ግቢ አጠገብ ተኽታቡሽ የሚሉት ጣራ ያለው መቀመጫ አለ፤ በአንድ ወገኑ ግቢው፣ በሌላው ወገኑ የአትክልቱ ስፍራ ነው። የአትክልቱ ስፍራ ሰፋ ያለና ፀሐይ የሚመታው ስለ ሆነ አየሩ ቶሎ ሞቆ ወደ ላይ ይወጣል፤ በጥላ ያለው የግቢው አየርም ቦታውን ለመሙላት ሲሄድ በመቀመጫው መካከል ያልፋል። ነፋስ በሌለበት ቀን ነፋስ መሥራት ይሏል ይህ ነው። ከዚህም የሚበልጡ ነበሩ፤ በ1350 የተሠራ አንድ የካይሮ አዳራሽ በጣራው ላይ መልቀፍ የሚባል የነፋስ መያዣ አለው። መልቀፉ አፉን ወደ ሰሜን ከፍቶ፣ ከአቧራው በላይ ያለውን ቀዝቃዛ ነፋስ ተቀብሎ ወደ ታች ይልከዋል፤ የሞቀው አየር ደግሞ በአዳራሹ መካከል ከፍ ብሎ በተሠራው ጣራ በኩል ይወጣል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ጥበብ የት ገባ?

ግብፅን ከ1863 እስከ 1879 የገዛው ኬዲቭ እስማኤል በ1867 ፓሪስን አይቶ ከተመለሰ በኋላ አገሩ አውሮፓ ካልሆነች ብሎ ተነሣ። (ይህ እስማኤል በ1875 በጉንደት፣ በ1876 በጉራዕ ጦሩ በአፄ ዮሐንስ ሠራዊት የተመታበት ያው እስማኤል ነው።) በአሮጌው ከተማ ጎን ሰፋፊና ቀጥ ያሉ መንገዶች ተቀየሱ፤ የፓሪስ ዐይነት ፎቆችም ተሠሩ። ሀብታሙ ከማሽረቢያው ቤት ወጥቶ ወደ አዲሱ ሰፈር ገባ። አዲሱ ቤት ፊቱ ወደ መንገድ፣ መስኮቱም ለፀሐይ ነበር። ከዚያ በኋላ በማሽረቢያ ቤት መኖር የድኽነት ምልክት ሆነ፤ አናጢውም ሥራ ፈታ። አንድ ነገር የድኽነት ምልክት ከሆነ በኋላ ጥቅሙን ማስረዳት ምን ያህል አስቸጋሪ እንደ ሆነ አንባቢዎቻችን ያውቁታል።

ይህን ለማስረዳት ዕድሜውን የጨረሰው ሰው ሐሰን ፋትሒ ይባላል። በ1900 በእስክንድርያ ተወልዶ በ1989 በካይሮ ያረፈ አርክቴክት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ብረትና ጣውላ ሲጠፋ፣ በአስዋን አካባቢ የሚኖሩ የኑብያ ግንበኞች ያለ ካሳፎርማና ያለ ድጋፍ እንጨት በጭቃ ጡብ ብቻ ቅስት ጣራ ሲያወጡ ተመለከተ። ኑሮውን የቀየረው ያ ነበር። ከ1945 እስከ 1948 በሉክሶር አንጻር፣ ከዐባይ ምዕራብ፣ በጥንት መቃብሮች ላይ ይኖር ለነበረው ለጉርና ሕዝብ አዲስ መንደር እንዲሠራ ታዘዘ። የሕዝቡ ቍጥር ሰባት ሺህ ያህል ነበር። ሐሰን ፋትሒም የውስጥ ግቢውን፣ መልቀፉን፣ ፍርግርጉን ሁሉ ለድኻው ገበሬ ቤት አመጣው።

ሥራው ግን ከመፈጸሙ በፊት ቆመ። ሐሰን ፋትሒ ስለዚህ መንደር በጻፈው መጽሐፍ በመሥሪያ ቤቶች ላይ ብዙ ያማርራል፤ ወረቀቱ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ሲዞር የሥራው ወራት እንዳለፈ ይናገራል። ይህ ክፍል ለወጣት ሹማምንት ቢነበብ መልካም ነው እንላለን። ነገር ግን ጥፋቱ ሁሉ የሹማምንት ነበር ማለት እውነትን መደበቅ ይሆናል። የጉርና ሰዎች አዲሱን መንደር አልወደዱትም። ኑሯቸው ከመቃብሮቹና ከጎብኚው ጋር የተያያዘ ስለ ነበረ ለመሄድ አልፈለጉም። ጉልላት ያለው ጣራ ደግሞ በነሱ ዘንድ የመቃብር ምልክት ነው፤ በሕይወት ሳለን ስለምን ከጉልላት በታች እንተኛለን አሉ። እኛ ሐሰን ፋትሒን እናከብራለን፤ ነገር ግን ሰው የሚተኛበትን ጣራ ለሰውየው ሳያማክሩ መምረጥ፣ ጣራው የአያት ቢሆንም የፓሪስ ቢሆንም፣ ያው መምረጥ ነው።

የሙቀቱን ነገር በተመለከተ ግን የተሳሳተው እሱ አልነበረም። በ1964 በካይሮ የሕንጻ ምርምር ማዕከል ሁለት የሙከራ ክፍሎች ተሠሩ። አንዱ ግድግዳውም ጣራውም የጭቃ ጡብ፣ ሁለተኛው ተዘጋጅቶ የመጣ የቤቶን ግድግዳ ነበር። ወሩ መጋቢት ሲሆን የሁለቱም ሙቀት ቀንና ሌሊት ተለካ። የጭቃው ክፍል ከ21 እስከ 23 ዲግሪ ባለው መካከል ሳይነቃነቅ ዋለ፤ አደረም። የቤቶኑ ክፍል ግን ቀን 36 ዲግሪ ደረሰ፤ ከውጭው አየር እንኳ በልጦ ማለት ነው። እዚህ ላይ ቆም ብለን እንድናስብ ያስፈልጋል። ሰው ቤት የሚሠራው ከውጭው ለመሸሸግ ነው፤ ከቤቱ ውስጥ ይልቅ በረንዳው ላይ መቀመጥ ከተሻለ፣ ለምን ተሠራ?

ከጥቂት ጊዜ በፊት እኛ ራሳችን ጉዳይ ለማስፈጸም ወደ አንድ አዲስ መሥሪያ ቤት ገብተን ነበር። የማን እንደ ሆነ መናገር አያስፈልግም። ፊቱ ከላይ እስከ ታች መስተዋት ነው። ሰዓቱ ከቀትር በኋላ ስለ ነበረ ፀሐዩን ለመከልከል መጋረጃው ሁሉ ተዘግቷል፤ መጋረጃው ስለ ተዘጋ በጠራራ ፀሐይ መብራት በርቷል፤ ጸሐፊዋም በባለጉዳዮች ማመልከቻ ፊቷን ታራግብ ነበር። ማመልከቻው የኛ እንደ ነበረ ስናይ ቢያንስ ለአንድ ነገር በመጥቀሙ ደስ አለን።

አሁን ወደ ፓሪስ እንሂድ፤ የእስማኤል ምሳሌ ወደ ሆነችው ከተማ። በ1987 በሴን ወንዝ ዳር የዐረብ ዓለም ኢንስቲትዩት የተባለው ሕንጻ ተከፈተ፤ ንድፉን ካወጡት ዋነኛው ዣን ኑቬል ነው። በደቡብ ፊቱ ላይ 240 የብረትና የመስተዋት መስኮቶች ተደርድረዋል። በያንዳንዱም ውስጥ እንደ ፎቶግራፍ መሣሪያ ዐይን የሚከፈቱና የሚዘጉ ክብ ቀዳዳዎች አሉ። ፀሐይ ሲበረታ እንዲጠብቡ፣ ሲደክም እንዲሰፉ በሞተር የተሠሩ ናቸው። አንድ መቶ ሃያ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ካይሮ ከፓሪስ መስኮት ስትቀዳ፣ አሁን ፓሪስ ከካይሮ ቀዳች። የሚያምር ሥራ ነው፤ በ1989ም የአጋ ካን የሕንጻ ሽልማት አግኝቷል። ችግሩ ሞተሮቹ ናቸው። ቶሎ ቶሎ እየተበላሹ ብዙዎቹ ዐይኖች ለረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀሱ ከኖሩ በኋላ ታላቅ እድሳት የተደረገላቸው በ2017 ነው። የበይት አል ሱሐይሚ ፍርግርግ የሚንቀሳቀስ ነገር ስለሌለው የሚበላሽ ሞተርም የለውም።

በአቡ ዳቢ በ2012 የተፈጸሙት አል ባሕር የሚባሉት ሁለት ማማዎች ከዚህ ጥቂት ፈቀቅ ብለዋል። ቁመታቸው 145 ሜትር ያህል ነው። በያንዳንዱ ማማ ላይ ከአንድ ሺህ የሚበልጡ፣ እንደ ጃንጥላ የሚታጠፉና የሚዘረጉ መከለያዎች ፀሐዩን ተከትለው ይከፈታሉ፤ ይዘጋሉ። በሰሜን በኩል ግን መከለያ የለም፤ ፀሐይ በዚያ ስለማትበረታ። ይህችን አንዲት ነገር ወደድናት። ንድፍ አውጪው ማሽረቢያን ጌጥ አድርጎ ቢያስብ ኖሮ ዙሪያውን ሁሉ ያለብሰው ነበር፤ ሥራ መሆኑን ስላወቀ ሥራ በሌለበት ተወው። በየከተማው ግን በተቃራኒው የሚደረገው ይበዛል። መስተዋቱን ካቆሙ በኋላ በላዩ የፍርግርግ ሥዕል የተቀረጸበት ቆርቆሮ ይለጥፉና “ባህላዊ” ይሉታል። በስተ ኋላው የማቀዝቀዣው መኪና ቀንና ሌሊት ይጮኻል።

የኛ ምርጫ ግን በጅዳ ያለው ነው። ጅዳ የቀይ ባሕር ከተማ ናት፤ ምጽዋን ያየ ሰው የጅዳን አሮጌ ሰፈር ቢያይ እንግዳ አይሆንበትም። ሁለቱም ከተሞች ቤታቸውን የሠሩት ከባሕር ዳር በተቆረጠ የዛጎል ድንጋይ ነው፤ በሁለቱም የእንጨት ፍርግርግ ያለባቸው ሰገነቶች በመንገዱ ላይ ተንጠልጥለዋል። በጅዳ ይህን ሰገነት ሮሻን ይሉታል። ከ1872 እስከ 1881 የተሠራው የናሲፍ ቤት ከነዚህ የታወቀው ሲሆን ንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ በ1925 ጅዳ በገቡ ጊዜ ያረፉት እዚያ ነበር። ሰፈሩም በ2014 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል።

ከዚህ አሮጌ ሰፈር ሳይርቅ በ1983 የተፈጸመ የብሔራዊ ንግድ ባንክ ሕንጻ ቆሟል። የነደፈው አሜሪካዊው ጎርደን በንሻፍት ነው። ሕንጻው ባለ ሦስት ማዕዘን፣ ሃያ ሰባት ፎቅ ነው። ቅስት የለውም፤ ፍርግርግ የለውም፤ ጉልላትም የለውም። በውጭ ፊቱ ድፍን ድንጋይ ነው፤ መስኮት የለውም ማለት ይቻላል። በግድግዳው ላይ ብዙ ፎቅ የሚያህሉ ታላላቅ ክፍቶች ብቻ አሉ፤ ከክፍቶቹ በስተ ውስጥ አንዱ ከአንዱ በላይ የተነባበሩ ግቢዎች ይገኛሉ፤ የቢሮዎቹ መስኮት ሁሉ የሚያየው ወደነዚህ ግቢዎች ነው። በመካከሉ ከታች እስከ ላይ ክፍት የሆነ ጉድጓድ ስላለ የሞቀው አየር በዚያ ሽቅብ ይወጣል። አንባቢ ልብ ብሎ እንደሆነ ይህ የ1350ው አዳራሽና የበይት አል ሱሐይሚ ግቢ ነው፤ ተጠፍጥፎ ሳይሆን ወደ ላይ ተቆልሎ። መልኩን ያልወሰደው ሰው ሐሳቡን ወሰደ።

በአሮጌዎቹ ቤቶች ከባለቤቶቹ ብዙዎቹ ለቀው ወደ አዲሶቹ ሰፈሮች ስለ ሄዱ፣ ለረጅም ዘመን የኖሩባቸው ከአፍሪካና ከእስያ ለሥራ የመጡ ተከራዮች ነበሩ። ተከራዩ ሙቀቱ ሲበረታበት ከሮሻኑ ፍርግርግ ጥቂት ቈርጦ አውጥቶ በቀዳዳው የማቀዝቀዣ መኪና ይሰካል። ነፋሱ ይገባበት በነበረው ስፍራ ማለት ነው።