በበጋ የሚተኛው አበባ፦ ደረቀ ብላችሁ አትጣሉት

ሜይ አልቆ ሙቀቱ ሲበረታ የአንዳንድ የዱር ፔላርጎኒየሞች ቅጠል ቢጫ ይሆንና ይረግፋል። ጁን ላይ ዓጺጹ ውስጥ የሚታየው ደረቅ አፈር ብቻ ነው። ብዙ ሰው ይሄኔ ከሁለት አንዱን ያደርጋል፦ ወይ «ሞቷል» ብሎ ይጥለዋል፣ ወይ እንዲነቃ ብሎ ውኃ ያበዛበታል። ተክሉ ግን ተኝቶ ነው እንጂ አልሞተም። የሚገድለው ውኃው ነው፤ ሥሩን ያበሰብሰዋል።

በእስራኤል በረንዳዎች ላይ «ጌራንየም» የሚባለው ቀይና ሮዝ አበባ ሰዎች አዳቅለው ያወጡት ነው፤ ውኃ ካገኘ በበጋም ያብባል። የዱር ዘመዶቹ ግን ወደ 280 የሚጠጉ ዝርያዎች ናቸው፤ አብዛኞቹም የደቡብ አፍሪካ ናቸው። ፈረንሳዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሌሪቲየ በ1789 ፔላርጎኒየምን ከጌራንየም ለይቶ ቢያወጣውም፣ ሰዉ የድሮውን ስም አልተወም።

በደቡብ አፍሪካ ምዕራብ ኬፕ እንደ እስራኤል ዝናቡ የሚጥለው በብርድ ወራት ነው፤ በጋው ደረቅ ነው። ስለዚህ እዚያ ያሉ ብዙ ዝርያዎች ምግብና ውኃ ድንች በመሰለ ሥራቸው አከማችተው ሙቀቱን ከመሬት በታች ያሳልፋሉ። አንዱ ፔላርጎኒየም ትሪስተ ነው። ቅጠሉ የካሮት ቅጠል ይመስላል። ፈዘዝ ያለው አበባው ቀን አይሸትም፤ ሲመሽ ግን ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይላል። «ትሪስተ» በላቲን «ያዘነ» ማለት ነው።

አያያዙ ከባድ አይደለም። አፈሩ አሸዋ የበዛበት፣ ውኃ የማይቋጥር ይሁን። ቅጠሉ መድረቅ ሲጀምር ውኃውን ቀንሱ። ሲረግፍ አቁሙና ዓጺጹን የጠብታ መስኖ የማይደርስበት ጥላ ቦታ አስቀምጡት። በሴፕቴምበር መጨረሻ ወይም በኦክቶበር፣ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ፣ ትንሽ አጠጡት። ቅጠል ካወጣ በኋላ ፀሐይ ያግኝ፤ አፈሩ ደረቅ ባለ ቁጥር እያያችሁ ብርዱን ሙሉ አጠጡት። አበባው በጸደይ ይመጣል። አንዳንዶቹ የሚያብቡት ቅጠላቸው ከረገፈ በኋላ ስለሆነ አትቸኩሉ።

ጎንደር ወይም ትግራይ ላደገ ሰው ይህ የተገለበጠ ነገር ነው፤ እዚያ ምድሩ የሚነቃው በሰኔ ዝናብ ነው፣ ይህ ተክል ደግሞ በሰኔ ይተኛል። ሁሉም ፔላርጎኒየም ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ኢትዮጵያም የራሷ ዝርያዎች አሏት፤ አንዱ በቦረና ስም «ቦራነንሴ» ተብሏል። ቦረና ዋናው ዝናብ የሚጥለው ከማርች እስከ ሜይ ስለሆነ የኬፑን ደንብ እንዳለ ለእሱ መጠቀም አይሆንም። ስለዚህ ስትገዙ ከዋጋው በፊት «አገሩ የት ነው? ዝናቡስ መቼ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።