እንጀራ ለቀነሰ እንግዳ የሚሆን የፍስክ እራት

ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾሙ፣ ካህናት አባቶቻችን በየምእመናኑ ቤት ወደ ማዕድ ይጠራሉ። ከእነርሱም መካከል የስኳር ሕመም ያለባቸው አሉ። ሐኪም እንጀራ እንዲቀንሱ ያዘዛቸው አንድ አረጋዊ ካህን፣ «የቤቱ እመቤት ‹በሞቴ› ስትለኝ እንዴት እምቢ እላለሁ?» ብለውናል። ስለዚህ የሰበካ ጉባኤያት ጋባዦችን የሚመክሩበት አንድ እራት እናቀርባለን፤ ይኸውም በጎመንና በአይብ የተሞላ የዶሮ ደረት ነው።

በደም ውስጥ ስኳርን በዋናነት ከፍ የሚያደርገው በእንጀራ፣ በዳቦ፣ በድንችና በሩዝ የሚገኘው ካርቦሃይድሬት ነው፤ ጥቁር ጤፍም ከዚህ ነጻ አይደለም። በዶሮ ሥጋ ካርቦሃይድሬት የለም ማለት ይቻላል፤ በጎመንና በአይብም ጥቂት ነው።

ለ4 ሰው የ2 ዶሮ ደረት ይበቃል፤ ከአጥንቱ ሲለይ 4 ቁራጭ ይወጣዋል። በወፍራሙ ጎን ቢላዋ ገብቶ፣ ማዶው ሳይበሳ፣ ሥጋው እንደ ኪስ ይከፈታል። ጎመኑ ተቀቅሎ ውኃው እስኪወጣ ይጨመቃል፤ ያለዚያ ሁሉም ወደ መጥበሻው ይፈስሳል። ከዚያም ደቅቆ ተከትፎ ከ1 ኩባያ አይብ፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከቁንዶ በርበሬና ከጥቂት ጨው ጋር ይዋሐዳል። ኪሱ ሳይጨናነቅ ተሞልቶ አፉ በስቴኪኒ ይያያዛል። በጥቂት ቅቤ ሁለቱም ጎን 3፣ 3 ደቂቃ ከተጠበሰ በኋላ ግማሽ ስኒ ውኃ ተጨምሮበት፣ ተከድኖ፣ እሳቱ ተቀንሶ እስከ 20 ደቂቃ ይበስላል። የደረት ሥጋ ስቡ ጥቂት ስለሆነ ቶሎ ይደርቃልና ክዳኑ አይዘንጋ። ወፍራሙ ቦታ ሲቆረጥ ሥጋው ነጭ፣ ፈሳሹም ጥርት ያለ መሆን አለበት፤ ቴርሞሜትር ያለው ቤት መካከሉ 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረሱን ይመልከት።

ዶሮን በሎሚና በጨው ደጋግሞ ማጠብ የእናቶቻችን ወግ ነው። ሆኖም እጣቢው ወደ ጎመኑ እንዳይረጭ፣ ጥሬ ሥጋ የነካ ቢላዋም ሳይታጠብ ሌላ ነገር እንዳይቆርጥ።

አጠገቡ ሰላጣ ወይም ፎሶሊያ ይቅረብ፤ ለታመመው ብቻ ተለይቶ የሚመጣ ሳህን ስለሚያሳቅቅ ለሁሉም አንድ ማዕድ ቢሆን እንመርጣለን።

ኢንሱሊን ወይም የስኳር ኪኒን የሚወስድ ሰው ግን እንጀራን በድንገት ቢያቋርጥ ስኳሩ ከልክ በታች ሊወርድበት ይችላል። ላብ፣ መንቀጥቀጥ ወይም መደናገር ከታየበት ወዲያውኑ ስኳር የገባበት መጠጥ ይሰጠው። የእንጀራውን ልክ የሚወስነው ሐኪሙ ነው፤ ጋባዡም አስቀድሞ «አባታችን፣ ምን ያህል ተፈቅዶልዎታል?» ብሎ ይጠይቅ።